የሚያገግም ሰው ማዕድ
(ከኮቪድ-19 በማገገም ላይ ስላሉ ሰዎች አመጋገብ ለአስታማሚዎች የቀረበ ንግግር)



የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ስለ አካላዊ ርቀት ብዙ ተብሏል፤ መባልም ነበረበት። በሽታው ቤት ከገባ በኋላ፣ ይልቁንም ትኩሳቱ በርዶ ሕመምተኛው ከአልጋው ሊነሣ ሲሞክር ምን መብላት እንዳለበት ግን ያን ያህል አልተነገረም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ሕመሙ የጸናባቸው እንደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና እንደ ሚሊኒየም አዳራሽ ባሉ የሕክምና ማዕከላት ይረዱ ነበር፤ የሚበዛው ሕመምተኛ ግን የሚያገግመው በቤቱ፣ በእናንተ እጅ ነው። ከማዕከል የወጣውም ቢሆን የሚመለሰው ወደ እናንተው ጓዳ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ለይቼ ላስቀምጥ። ቫይረሱን የሚገድል ምግብ የለም። ምግብ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ሕመሙ ከሰውነት የወሰደውን ይተካል። ትኩሳቱ የለቀቀው፣ ምርመራውም ነጻ ነህ ያለው፣ ነገር ግን ከአልጋው እስከ ደጃፉ ለመድረስ መሐል ላይ ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው አለ። ዕድሜው የገፋ ከሆነ በዚህ ድካም ላይ እያለ ይወድቃል፣ አጥንቱ ይሰበራል፣ ወይም መነሣት አቅቶት እንደተኛ ሌላ የሳንባ ምች ይይዘዋል። ቫይረሱን ያለፈ ሰው በድካም ምክንያት እንዳናጣው የሚያደርገው ጥንቃቄ በአብዛኛው የሚከናወነው በምድጃ ዙሪያ ነው።

ሰውነት በትኩሳት ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ያቃጥላል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ከመቶ 10 ያህል ከፍ ይላል። ወጪው በሚያድግበት በዚያው ጊዜ ግን ገቢው ይነጥፋል፤ የሕመምተኛው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጣዕምና ሽታ ይጠፋበታል፣ ጉሮሮው ይቆስላል፣ ያቅለሸልሸዋል። በዚህ ጊዜ ሰውነት ጉድለቱን የሚሞላው ከራሱ ነው። ብዙ ሰው የሚቀልጠው ስብ ብቻ ይመስለዋል፤ በሕመም ጊዜ ግን ጡንቻም አብሮ ይፈርሳል፤ በሽታን የሚዋጉ ሕዋሳትን ለመሥራትና የተጎዳውን ለመጠገን የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከዚያ ይወሰዳልና። በዚህ ላይ መተኛት ይታከልበታል። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ በተካሄደ ጥናት ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጡንቻ ጎድሏቸው ተገኝቷል። እነዚያ ሰዎች ትኩሳት አልነበረባቸውም፤ ምግብም አልተቋረጠባቸውም። ትኩሳትም የምግብ መዘጋትም ያለበት የ70 ዓመት አባት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ በየቤቱ ደጋግሜ ያየሁትን ልናገር። አንድ የቤተሰብ አባል ሲታመም ቤቱ ያለውን ሁሉ ያወጣል። በግ ይገዛል፤ ዶሮ ይታረዳል፤ ማር ይፈለጋል፤ ዘመድ ብርቱካንና ለስላሳ መጠጥ ተሸክሞ መጥቶ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ግን ሕመምተኛው ጥቂት ማንኪያ ሾርባ እንኳ በግድ ነው የሚውጠው። ሥጋውን ሌላው ቤተሰብ ይበላዋል፤ ብርቱካኑም ይደርቃል። በሦስተኛው ሳምንት የምግብ ፍላጎቱ ሲከፈትና ሰውነቱ የጎደለውን መጠየቅ ሲጀምር ግን የቤቱ ገንዘብ አልቋል፤ ጠያቂውም ቀርቷል፤ ሰውየውም «ተሻለው» ተብሎ ወደ ቀድሞው ምግቡ ተመልሷል። የሚበላበት ጊዜና የምናበላበት ጊዜ ተላለፉ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ምግብ ዓይነት ሳይሆን ስለ ጊዜ ነው። ለሕመምተኛው ልታወጡት የምትችሉትን ገንዘብ ከፋፍላችሁ ያዙት፤ የሚበዛውን ድርሻ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ላሉት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት አቆዩት። ጠያቂ «ምን ላምጣ?» ሲል «ዛሬ ይቅርብን፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እንቁላል አምጡልን» ማለት ነውር አይደለም። ይህ ለባህላችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አራስ በሳምንቷ ተነሥታ ወደ ሥራ ትግባ የሚል ቤተሰብ የለም፤ ገንፎውና አጥሚቱ ሳይቋረጥ ሳምንታት ትታረሳለች። ከጽኑ ሕመም የተነሣውንም ሰው በዚያው ዓይን እንየው ነው የምለው።

አሁን ወደ ማዕዱ ልግባ። ትኩሳት ባለባቸው ቀናት ዋናው ሥራ ፈሳሽ እንዳይጎድል ማድረግ ነው። ሕመምተኛው በአንድ ጊዜ ብዙ እንዲጠጣ ከማስገደድ ይልቅ ብርጭቆውን አጠገቡ አኑሮ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እንዲጎነጭ ማድረግ ይሻላል። መለኪያው ሽንቱ ነው፤ ቀለሙ ከጠቆረና መጠኑ ካነሰ ፈሳሹ አልበቃውም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለበት በተለምዶ ለምለም የሚባለውን ኦ.አር.ኤስ. አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መስጠትና የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ መድፋት ነው። ይህ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ መስጠት ይቻላል፤ ማንኪያው ተሞልቶ እንዳይቆለል ይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳልና።

በእነዚህ ቀናት የሚወርድለት አጥሚትና ሾርባ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱም ቀጥነው የሚቀርቡበት ጊዜ ይበዛል። ሆድን የሚሞላ፣ ነገር ግን ሲመዘን ውኃ የሆነ አጥሚት ሕመምተኛውን ያጠግበዋል እንጂ አይጠግነውም። አጥሚቱን ስትሠሩ ከውኃው ግማሹን በወተት ተኩ፤ የተቆላ የሽምብራ ወይም የባቄላ ዱቄት አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት፤ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ አድርጉበት። በጾም ከሆነ ወተቱን በለውዝ፣ በሱፍ ወይም በሰሊጥ ወተት መተካት ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል፤ የሳህኑን መጠን ሳያበዛ። በሾርባውም እንደዚሁ ነው፤ አስታማሚ መረቁን አጥሎ ለሕመምተኛው ሲሰጥ ሥጋው ወይም ምስሩ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ጉልበቱ ያለው ግን በቀረው ውስጥ ነው። ስለዚህ ምስሩን ፈጭታችሁ፣ ሥጋውን በደቃቁ ከትፋችሁና አብስላችሁ ከመረቁ ጋር አንድ ላይ አቅርቡለት።

ትኩሳቱ ለቅቆ የምግብ ፍላጎቱ መመለስ ሲጀምር ዋናው ጥያቄ ፕሮቲን ይሆናል። የሚያገግም ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ቢያንስ 1 ግራም፣ ቢቻል ከዚያ ከፍ ያለ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 ግራም በላይ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚያስፈራ ቢመስልም በቤታችን ምግብ እናስላው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣሉ። በቀን ውስጥ በወጥ መልክ የሚበላ 100 ግራም ደረቅ የምስር ክክ 24 ግራም ገደማ አለው። እንጀራው ራሱ ሊዘነጋ አይገባም፤ 200 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይዟል። ድምሩ ከ60 አለፈ፤ ሥጋ ገና አልገባበትም። እንቁላሉና ወተቱ ከሌሉም ምስሩን ወይም ባቄላውን ወደ 150 ግራም ከፍ በማድረግና አንድ እፍኝ ለውዝ በመጨመር ከዚያው ይደረሳል።

ይህን ያነሣሁት ሥጋን ለመንቀፍ አይደለም። በግ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ «ለአባታችን ያልሆነለት በድህነታችን ነው» ብሎ ሲያዝን ስለማይ ነው። ሽሮው ወፈር ብሎ፣ ክኩ በዝቶ፣ ጎመኑ በዘይት ተቁላልቶ፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ ከቀረበ አንድ ጊዜ ከታረደ በግ ይበልጣል። ሁለት ጥንቃቄዎች ብቻ አሉኝ። አንደኛው ስለ ጓያ ነው። ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለበት፤ ሕመምተኛው ለሳምንታት ሽሮ የሚመገብ ከሆነ የሽሮው ዱቄት ከምን እንደተዘጋጀ እወቁ፤ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም አተር ይሁን። ሁለተኛው እንሰት ለሚበላባቸው አካባቢዎች ነው። የቡላ ገንፎ ለሕመምተኛ የሚወደድ፣ ለመዋጥ የሚቀል፣ ጉልበትም የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ቡላም ሆነ ቆጮ ግን ፕሮቲናቸው እጅግ አነስተኛ ነው። አይብ፣ ወተት፣ ባቄላ ወይም ሥጋ ሳይጨመርበት ለወር ያህል ቡላ ብቻ የተመገበ ሰው ይጠግባል እንጂ ጡንቻው አይመለስም።

መጠኑን ሳይሆን ድግግሞሹን ማብዛት ይበጃል። ሦስቱን የተለመዱ ማዕዶች ወደ አምስት ወይም ስድስት ትናንሽ ማዕዶች ከፋፍሏቸው፤ ጠዋት ቅንጬ፣ ረፋድ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ሙዝ፣ ምሳ ለስለስ ያለ ፍትፍት፣ ከሰዓት በኋላ በሶ ወይም አቮካዶ፣ ማታ ክክ አልጫ፣ ከመኝታ በፊት አጥሚት፤ እንዲህ ባለ መልክ። አንዱ ማዕድ ሳይበላ ቢቀር ቀኑ ሁሉ አልከሰረም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ አለ። በርበሬ የሚያስለው ወይም ጉሮሮውን የሚፈጀው ከሆነ ወጡ ለጊዜው አልጫ ይሁን። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቆዩ። በአንጻሩ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱና፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከምግቡ ጋር ሲበሉ የብረቱን መወሰድ ያግዛሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ፣ ያልፈላ ወተት ለሚያገግም ሰው አይቀርቡም፤ በዚህ አልደራደርም።

ሳንባው ገና የሚያስቸግረው ሰው ማኘክ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ምግቡ ለስለስ ይበል፤ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይብላ፤ በየጉርሻው መሐል ይተንፍስ፤ ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደም። በሆዱ እንዲተኛ የታዘዘለት ከሆነ ይህን የሚያደርገው ከምግብ በፊት እንጂ ሆዱ ሞልቶ አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቱቦ ተደርጎለት የነበረ ሰው ውኃ ሲጠጣ ትን የሚለው ወይም የሚያስለው ከሆነ ማስገደድ አደገኛ ነው፤ ለሐኪሙ ይነገር።

ይህ ሁሉ ከተሟላም በኋላ ሕመምተኛው ሳህኑን ሳይነካ የሚመልስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ሆዱ አይደለም። እኛ ከአንድ መሶብ የምንበላ ሕዝብ ነን፤ «ኑ እንብላ» ሳይባል የቀረበ ምግብ ለብዙዎቻችን ምግብ አይመስልም። ለይቶ ማቆያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሳህኑ በር ላይ ተቀምጦለት፣ በሩ ተንኳኩቶ፣ እግር ሲርቅ እየሰማ ለብቻው ይበላል። አንዳንድ ቤት ደግሞ የተሰነጠቀ ሳህን ተለይቶ ይሰጠዋል፤ የበላበትም ይጣላል። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ያያል። የሚጎርሰው ሰው ሲያጣ ጉሮሮው ቢዘጋ አይፈረድበትም።

ርቀቱን ማስቀረት አንችልም። ቫይረሱ በምግብ አማካይነት መተላለፉ ባይታወቅም ፊት ለፊት ተቀራርቦ፣ ጭምብል አውልቆ፣ እያወሩ አንድ መሶብ መክበብ ለመተላለፍ የተመቸ ነውና። የብቸኝነቱን ክብደት ግን ማቅለል እንችላለን። ሕመምተኛው ቤተሰቡ በሚበላበት ሰዓት፣ ቤተሰቡ ከሚበላው ምግብ ይብላ። በረንዳ ወይም ግቢ ያለው ቤት ከሁለት ሜትር በላይ ተራርቆ፣ ለየብቻ በቀረበ ሳህን፣ አየር ባለበት አብሮ መብላት ይችላል። ይህ ባይሆን በሩን እንደዘጉ በስልክ እየተነጋገሩ መብላትም አለ፤ ልጆች ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁበታል። ሳህኑ ከቤቱ ሳህኖች መልካሙ ይሁን፤ በሳሙናና በውኃ ሲታጠብ ይጸዳል፤ መጣል አያስፈልግም። ጉርሻ ግን ለጊዜው ይቅር። ራሱን ማጉረስ የማይችል አዛውንት ሲሆን አስታማሚው ጭምብል አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ከፊት ለፊቱ ሳይሆን በጎኑ ተቀምጦ በማንኪያ ያጉርሰው፤ ሳይቸኩል። ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል። የጤና ባለሙያው ከለይቶ ማቆያ መውጣት ይችላል ባለ ዕለት ደግሞ የመጀመሪያው ማዕድ በመሶቡ ዙሪያ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሰውየውን መሸሽ የሚጠቅመው የለም።

የሽታና የጣዕም መጥፋት በዚህ በሽታ የተለመደ ነው። በብዙዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ በጥቂቶች ላይ ወራት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ «ሣር ሣር ይለኛል» ላለ ሰው የወጡን ጨው መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ በተለይ የደም ግፊት ካለበት። ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድና በሶብላ ይሞከሩ፤ ሞቅ ያለው ምግብ ቢያስጠላው ቀዝቀዝ ያለው ሊስማማው ይችላል፤ የሚንኮሻኮሽና ለስላሳ ነገር አብሮ ሲቀርብ ጣዕም ባይኖር እንኳ አፍ የሚለየው ነገር ያገኛል። ሽታን የማለማመድ ሥልትም አለ፤ ቅርንፉድ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የተቆላ ቡና፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በተራ እያሸተቱ፣ በየአንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ እየቆዩ፣ ጠዋትና ማታ ለወራት መለማመድ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ ሽታ የማይለይ ሰው የተበላሸ ወጥንም የሚያፈተልክ ጋዝንም አይለይም። ለብቻው የሚኖር ከሆነ ምግቡን ከማሳደሩ በፊት ይህን ያስብ።

ስለ ጾም ብዙ እጠየቃለሁ። የጾም ምግባችን፣ በትክክል ከተዘጋጀ፣ ለሚያገግም ሰው በቂ ሊሆን እንደሚችል ከላይ በቁጥር አሳይቻለሁ፤ የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ የተልባ መጠጥ፣ የምስር ወጥ ከብዙ የፍስክ ምግብ አያንሱም። የሚጎዳው ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምስ የሚውል ሕመምተኛ ስድስቱን ትናንሽ ማዕዶች የት ያገባቸዋል? እናቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከልጆቻቸው ጋር ሲከራከሩ አያለሁ፤ ልጅ ይቆጣል፣ እናት ዝም ትላለች፣ ሳህኑ ይመለሳል። ክርክሩን ትታችሁ የንስሐ አባታቸውን በስልክ አገናኟቸው፤ ለሕሙም የጾም ሕግ እንደሚቀል ከእርሳቸው አፍ ሲሰሙ ልባቸው ያርፋል። በረመዳንም ሕመምተኛ አፍጥሮ በሌላ ጊዜ ቀዳውን እንዲያወጣ የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሚያመነታ ቢኖር ከሚያምነው የሃይማኖት አባት ጋር ይመካከር። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ በሃይማኖት ጉዳይ አዛዥ አይደለሁም። ሆኖም ሳይበላ የሚውለው ሕመምተኛ ቀስ ብሎ እንደሚያገግም መናገር ግዴታዬ ነው።

ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ፌጦ፣ ስለ ዳማከሴና ስለ ጤና አዳም ረጅም መናገር አልሻም። በምግብና በሻይ ውስጥ እንደ ቅመም መልካም ናቸው፤ ኮቪድ-19ን ስለማዳናቸው ግን ማስረጃ የለም። በባዶ ሆድ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የሚውጥ ሕመምተኛ ጨጓራው ተቃጥሎ ጭራሽ ምግብ ያቆማል። አረቄ ቫይረሱን ይገድላል የሚለው ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ አልኮል የሰውነትን የመከላከል ዐቅም ያዳክማል፤ ከሚወሰዱ መድኃኒቶችም ጋር ይጋጫል። የቫይታሚንና የዚንክ እንክብሎችም ሐኪም ጉድለት አይቶ ካላዘዘ በስተቀር በምግብ ምትክ የሚቆሙ አይደሉም። ለእንክብሉ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ እንቁላል ይገዛል።

የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ነገሩ ይለያል። ሕመሙም ሆነ ለጽኑ ሕሙማን የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ማር የበዛበት አጥሚትና ጠያቂ የሚያመጣው ለስላሳ መጠጥ ለእርሱ ጉዳት ነው። አጥሚቱ ሳይጣፈጥ፣ ጥራጥሬው በዝቶ ይሰጠው፤ ደሙን ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ ምግብ እየቀነሰ መድኃኒቱን በነበረበት መጠን ከቀጠለ ደግሞ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። የኩላሊት ሕመም ያለበትም ከላይ የጠቀስሁትን የፕሮቲን መጠን በራሱ አይውሰድ፤ ልኩን ሐኪሙ ይንገረው። የምታጠባ እናት ጭምብል አድርጋ፣ እጇንም በሳሙና ታጥባ ማጥባቷን ትቀጥል፤ ድርሻዋም ከሌላው ሕመምተኛ ከፍ ይበል፤ የምትበላው ለሁለት ነውና።

የተበላው ወደ ጡንቻ እንዲለወጥ ጡንቻው ሥራ ይፈልጋል። የስፖርት ትእዛዝ አይደለም የምሰጠው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ሳይደገፍ መነሣትና መቀመጥ፣ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር፤ በቀን ሁለት ጊዜ። ትንፋሹ ካጠረ ወይም ራሱን ካዞረው ያቁም። በማግሥቱ ድካሙ ከብሶበት ከነቃ መጠኑን ይቀንስ።

መሻሻሉን በዓይን መገመት ያታልላል፤ ፊት ቶሎ ሲሞላ እግርና ትከሻ ወደኋላ ይቀራሉ። ሚዛን ካገኛችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ልብስ መዝኑትና ጻፉት። ሚዛን ከሌለ የቀበቶው ቀዳዳ ይነግራችኋል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በአንድ ወር ውስጥ 3 ኪሎ ከቀነሰ ከመቶ 5 ጎድሎበታል፤ ይህ ለጤና ባለሙያ የሚነገር ነው። በደንብ እየበላ ክብደቱ ካልተመለሰ፣ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቀው ከሆነ ሁሉንም በኮሮና ማሳበብ አይገባም፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታው ይመርመር። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ መደናገር፣ የከንፈር መጥቆር፣ ወይም ፈሳሽ ጭምር አልወርድ ማለት ሲታይ ግን የሚጠበቅ ቀን የለም፤ የኦክስጅን መለኪያ ያለው ቤት ከ94 በታች ሲያነብ እንደዚሁ። በዚያው ሰዓት በ8335 ወይም በ952 በነጻ ይደወል፤ ወደ ጤና ተቋም ሲሄድም የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና የክብደቱ ማስታወሻ አብረው ይያዙ።